በሕዝብ በዓላት ቀን የሠራተኞች ዕረፍትና ክፍያ

በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቦረና፣ የወግዲ፣ የለጋምቦና የከላላ ደጋዎች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርና በአንድ ገበያ የሚገበያይ በመሆኑ፣ የበዓል ጉዳይ ለባለሱቁ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ አይደለም። በፋሲካ ዕለት ሙስሊሙ ሠራተኛ ሱቁን ከፍቶ እንዲውል፣ በአረፋ ዕለት ደግሞ ክርስቲያኑ እንዲተካው ማድረግ የሚታይ ልማድ ነው። ልማዱ የመከባበር ምልክት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሕጉን ላልተመለከተ አሠሪ ሳያስበው ዕዳ ሊያመጣበት ይችላል።

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ የታወቁት የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው ቀናት መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕጉ የሚናገረው ስለ «ሠራተኛ» ነው እንጂ ስለ ሠራተኛው ሃይማኖት አይደለም። ስለዚህ ፋሲካ የክርስቲያኑ፣ አረፋ የሙስሊሙ ብቻ ተብሎ አይከፈልም፤ ሁለቱም ቀናት ለሁለቱም ሠራተኞች በዓላት ናቸው። በበዓሉ የሠራው ሰው በሌላ ቀን ዕረፍት ስለ ተሰጠው ብቻ የበዓል ክፍያው ቀርቷል ማለት አይቻልም። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ለሠራ ሰው ሕጉ ምትክ ዕረፍትን ሲያስብለት፣ ለሕዝብ በዓል ግን የደነገገው ክፍያን ነው።

ይህ እኩልነት የቆየ ነገር አይደለም። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ የተወለዱበት ሐምሌ 16 እና ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 23 በይፋ ሲከበሩ፣ የሙስሊሞች በዓላት ግን በመንግሥት ዘንድ እንደ ሕዝብ በዓል አይቆጠሩም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ በሕዝብ በዓላት መዝገብ ገቡ።

ወደ ሒሳቡ ስንመለስ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ከደመወዙ አንዳች አይቀነስበትም። በበዓል ቀን ከሠራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል። ለምሳሌ የወር ደመወዙ 4,160 ብር የሆነ የሱቅ ሠራተኛ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ቢሆን የሰዓት ደመወዙ 20 ብር ይሆናል። በአረፋ ዕለት 6 ሰዓት ቢሠራ ለዚሁ ሥራ 240 ብር ይገባዋል። በዚያው ዕለት ከመደበኛው ሰዓት አልፎ ቢሠራ፣ ትርፉ ሰዓት በሁለት ተኩል ተባዝቶ 50 ብር ይታሰባል። ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውል ከሳምንቱ የዕረፍት ቀን ጋር ይጋጠማል፤ በዚህ ጊዜ ክፍያው አንድ ብቻ ነው እንጂ የዕረፍቱና የበዓሉ ተደምሮ አይከፈልም።

በቀን ሒሳብ የሚሠሩት ሰዎች ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። ቆዳና ሌጦ ለሚሰበስበው ነጋዴ በዓል የዕረፍት ቀን ሳይሆን ዋናው የሥራ ቀን ነው፤ በጉና በሬው የሚታረደው ያን ጊዜ ሲሆን፣ ጥሬው ቆዳ በቶሎ ጨው ካልተነሰነሰበት ይበላሻል፤ የተበላሸው ቆዳ ደግሞ ወደ ውጭ ለሚላከው ዕቃ አይሆንም። የቀን ሠራተኛው በበዓል ባይሠራ ሊከፈለው የሚገባው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ ከሠራ ግን እርሱም እጥፍ ይከፈለዋል። ውሉ በቃል ብቻ ሆኖ ስለ በዓል ምንም ያልተነገረበት እንደ ሆነ፣ ክርክሩ የሚነሣው ጨውና ቆዳ በተቆለለበት በዚያው ቀን ነው።

ቀኑን አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጻፍም የራሱ ችግር አለው። የሙስሊሞች በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ። ገናም ቢሆን ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ በሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አይውልም። ስለዚህ በውሉ ላይ የበዓሉ ስም ቢጻፍ ይሻላል።

በየወሩ የሚውሉት የቅዱሳን ዕለታት፣ ለምሳሌ 12 ሚካኤልና 21 ማርያም፣ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ ገበያ የሚወጣባቸው ቀናት ቢሆኑም በሕዝብ በዓላት ሕግ ውስጥ የሉም። በእነዚህ ቀናት ዕረፍት የሚሰጥ ባለሱቅ የሚሰጠው በፈቃዱ ወይም በውሉ ነው። በአንጻሩ የዓመት ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀናት ስለሆነ፣ በፈቃዱ ውስጥ የሚውል የሕዝብ በዓል ከሠራተኛው ፈቃድ ላይ አይቀነስም።

አሠሪው የሳምንቱን ዕረፍት፣ የሕዝብ በዓላትንና ሠራተኛው የወሰደውን ፈቃድ በመዝገብ እንዲይዝ አዋጁ ያስገድደዋል። ይህ ትእዛዝ ለትልቅ ፋብሪካ ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ባለሱቅ ብዙ ነው። ሆኖም ሠራተኛው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄውን ክፍያው ከሚገባበት ቀን አንሥቶ እስከ ስድስት ወር ማቅረብ ስለሚችል፣ የፋሲካው ሒሳብ በመስቀል ሰሞን ሊጠየቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ማን በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደ ወጣ የሚያስረዳው፣ በዕለቱ ተጽፎ ሠራተኛው የፈረመበት ደብተር ነው።