ሲያድግ ማን ይነግረዋል?

ልጁ ከተወለደ ገና ሳምንት አልሞላውም። እናቱ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት ወይም ሪያድ ባለው ቤቷ አራስ ናት። አያት ከአዲስ አበባ ትደውላለች። «ስምንተኛው ቀን ደረሰ እኮ! መቼ ነው የምታስገርዙት?» እናት ዝም ትላለች። ሐኪሙ የነገራትን ለማንም አልተናገረችም። የልጁ የሽንት መውጫ ቀዳዳ በትክክለኛው ቦታው ላይ አይደለም፤ ግዝረቱም መቆየት አለበት ብሏታል። «ትንሽ አሞታል፣ በኋላ ይደርሳል» ብላ ወሬውን ትቀይራለች።

እንዲህ ያለውን የስልክ ንግግር የምታውቁት ትኖራላችሁ። በዚያች ምሽት የተጀመረው ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ሃያ ዓመት ይቆያል። ልጁ ቀዶ ህክምና ይደረግለታል፣ ቁስሉ ይድናል፣ ወላጆች «ተመስገን፣ አለፈ» ይላሉ። ልጁ ግን ምን ሆኖ እንደተወለደና ምን እንደተደረገለት ሳያውቅ ያድጋል። እነዚህ ችግሮች ደግሞ ብዙዎቹ በአንድ ቀዶ ህክምና የሚዘጉ አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የልጁን ኩላሊት፣ ትዳሩንና አንዳንዴም ሕይወቱን ይነካል። ሲያድግ ማን ይነግረዋል?

ችግሮቹ የትኞቹ ናቸው?

ከላይ ያነሳነው ችግር በህክምና ስሙ ሃይፖስፓዲያስ ይባላል። የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች በኩል ይከፈታል። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች ልጆች መካከል በግምት አንዱ ከዚህ ጋር ይወለዳል። ቀዶ ህክምና ካስፈለገ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሠራል። ሐኪሙ ግዝረቱ ይቆይ የሚለው የብልቱ ሸለፈት ለጥገናው ስለሚያስፈልግ ነው። አንዴ ከተቆረጠ የሚመለስ ቆዳ የለም። በስምንተኛው ቀን መግረዝ ልማዳችን ስለሆነ፣ ከመግረዝ በፊት የልጁን ብልት በሐኪም ማሳየት እንደሚገባ ለአያቶች ጭምር መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው የተለመደ ችግር የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ መቅረቱ ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱ 100 ወንዶች ልጆች መካከል ሦስት ያህሉ ላይ ይታያል። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሳቸው ይወርዳሉ። እስከ 6 ወር ካልወረደ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

ብርቅ የሆኑም አሉ። አንዳንድ ወንዶች ልጆች በሽንት ቱቧቸው ውስጥ ሽንትን የሚያግድ ስስ ሽፋን ይዘው ይወለዳሉ። አንዳንዶች የሽንት ፊኛቸው ከሆዳቸው ውጭ ተከፍቶ ይወለዳሉ። ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች ደግሞ የአከርካሪ ነርቫቸው ስለተጎዳ ፊኛቸው በራሱ በአግባቡ አይሠራም። ከ5,000 ሴቶች መካከል አንዷ ገደማ ማህጸንና የብልት መተላለፊያዋ ሳይፈጠር፣ ወይም ሙሉ ሳይሆን ትወለዳለች።

ከእነዚህ ውስጥ የትኛውም እርግማን አይደለም። እናት በሠራችው ኃጢአት ወይም በፈራችው ነገር የመጣም አይደለም። የሽንትና የብልት አካላት በአብዛኛው የሚሠሩት በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ሲጎድል እንዲህ ያለ ልዩነት ይፈጠራል።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለምን ክትትል?

ልጅ ያድጋል፤ የተጠገነውም አካል አብሮ ያድጋል። የአንድ ዓመት ሕፃን ላይ ያማረ ጥገና በጉርምስና ወቅት ሊጠብ ወይም ሊጎብጥ ይችላል። ሃይፖስፓዲያስ የተሠራለት ወጣት ሽንቱ ቀጥኖ የሚወርድ፣ በሁለት በኩል የሚወጣ ወይም ሲሸና የሚያስምጠው ከሆነ ቱቦው ጠቦ ወይም ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታከም ነገር ነው። በልጅነቱ ስለተሠራለት ነገር የማያውቅ ወጣት ግን «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ችሎት ይኖራል።

የዘር ፍሬው ሳይወርድ ቀርቶ የተሠራለት ሰው ከሌሎች ይልቅ የዘር ፍሬ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ቀዶ ህክምናው በጊዜ ሲደረግ አደጋው ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከጉርምስና ጀምሮ ገላውን ሲታጠብ በወር አንድ ጊዜ በእጁ እንዲዳስስ፣ የማያምም ጠጣር እብጠት ካገኘ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ሊነገረው ይገባል። ይህ ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ በአብዛኛው የሚድን ነው። ምክሩን የሚሰማው ግን ታሪኩን የሚያውቅ ብቻ ነው።

በሽንት ቱቧቸው ውስጥ ሽፋን ይዘው የተወለዱት ነገር የበለጠ ያሳስባል። ሽፋኑ ከልደት በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት ይነሳል። ነገር ግን ልጁ ገና በማህጸን እያለ ሽንቱ ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊቱንና ፊኛውን ጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሕፃን እያለ የበቃው ኩላሊት ቁመቱና ክብደቱ ሲጨምር ላይበቃ ይችላል። የኩላሊት ድካም ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ሕመም ከመሰማቱ በፊት ብዙ ይሄዳል። ስለዚህ ደህና የሚመስለው ጎረምሳ በየጊዜው የደም ግፊቱ መለካት፣ የኩላሊት የደም ምርመራ መደረግና ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ኩላሊት ከደከመ በኋላ የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። በዓመት ጥቂት ምርመራዎች ከዚህ ሁሉ ይቀላሉ።

ፊኛው ከአንጀት የተሠራለት ሰው

ፊኛቸው ተከፍቶ የተወለዱና ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ልጆች አንዳንዴ ፊኛቸው ከራሳቸው አንጀት በተወሰደ ቁራጭ ይሰፋላቸዋል። ሽንታቸውንም በቀጭን ቱቦ፣ ማለትም በካቴተር፣ በቀን ብዙ ጊዜ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ሕመምተኛው ራሱ በንጹሕ እጅ ቤቱ ውስጥ ይህን ማድረግ እንደሚችል ጽፎ አሳየ። እስከዚያ ድረስ የኦፕራሲዮን ክፍል ዓይነት ንጽሕና የግድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ ቀላል ዘዴ ከዚያ ወዲህ የብዙዎችን ኩላሊት አትርፏል።

ይህ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦

• ፊኛውን በሰዓቱ፣ ብዙውን ጊዜ ቀን ቀን በየ3 እና 4 ሰዓቱ ባዶ ማድረግ። አንጀቱ ንፍጥ መሰል ነገር ስለሚያመርት ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ማጠብ። ይህ ካልሆነ ጠጠር ይፈጠራል።

• ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የሆድ መነፋት ሲኖር ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ። የተሰፋ ፊኛ ሊቀደድ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት አስጊ ነው። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ሰው ነርቩ ስለደከመ ሕመሙ ቀላል መስሎ ሊሰማው ይችላል። «ፊኛዬ በአንጀት የተሰፋ ነው» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ለተረኛው ሐኪም መንገዱን ታሳየዋለች።

• የቫይታሚን ቢ12 መጠንን በየጊዜው መመርመር።

• ስፓይና ቢፊዳ ካለ፣ ከላቴክስ የተሠሩ ጓንቶች፣ ፊኛዎችና ካቴተሮች አለርጂ ሊያስነሱ እንደሚችሉ ማወቅ።

ለሴቶች ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ፊኛዋ በአንጀት የተሰፋ ሴት በሽንት የሚደረግ የእርግዝና ምርመራ ሳታረግዝ «አርግዛለች» ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ለሥራ ቪዛ የጤና ምርመራ የምታደርግ ወጣት ይህን ካላወቀች ምን ሊደርስባት እንደሚችል አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምርመራው በደም እንዲደረግላት ትጠይቃለች።

«ሰው ምን ይላል?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። ወላጆች የሚደብቁት ልጃቸውን ስለሚጠሉ ሳይሆን ስለሚወዱ ነው። መሳለቂያ እንዳይሆን፣ ነገ ትዳር እንዳያጣ ይፈራሉ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከጎረቤት መደበቅና ከራሱ ከልጁ መደበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የልጁን ክብር መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ግን የገዛ ሰውነቱን ከእሱ መሸሸግ ነው።

ልጅ ያልተነገረውን ያያል። ጠባሳውን በመስታወት ያየዋል፤ ስለ እሱ ሲጠይቅ የእናቱ ፊት ሲለወጥም ያስተውላል። ያኔ የሚደርስበት ድምዳሜ «የሚያሳፍር ነገር አለብኝ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሐሳብ ከችግሩ በላይ ይጎዳል። ስለ ወሲባዊ አካላት እድገት ልዩነቶች እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች የጋራ መግለጫም፣ ለልጁ የሚነገረው ነገር ችግሩ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ከወላጆች ጋር ታቅዶ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን መክሯል።

ማህጸን ሳይኖራት የተወለደችውን ልጅ እንውሰድ። ጡቷ ያድጋል፣ እንቁልጢዎቿ ይሠራሉ፤ የወር አበባዋ ግን አይመጣም። 15 ዓመት አልፏት ያላየች ልጅ ሐኪም ልታያት ይገባል። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ አንድ ኩላሊት ብቻ ሊኖራቸው ስለሚችል ኩላሊቷም ይታያል። የብልት መተላለፊያውን በተመለከተ ያለ ቀዶ ህክምና የሚሳካ ዘዴ አለ፤ መቼ እና እንዴት የሚለውን መወሰን ያለባት ግን ራሷ ናት። ሳታውቅ ለትዳር መስጠት በእሷም በሚያገባትም ላይ በደል ነው። እውነቱን በጊዜ ያወቀች ሴት ግን ከማን ጋር፣ እንዴት እንደምትኖር ታስባለች። በስዊድን ጎተንበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት እናት በንቅለ ተከላ ባገኘችው ማህጸን ልጅ ወልዳለች። ይህ ለሁሉም የሚደርስ ህክምና ባይሆንም፣ «መካን» የሚለው ቃል የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ ያሳያል።

በየዕድሜው ምን እንበለው?

*ከ3 እስከ 5 ዓመት።* የአካል ክፍሎቹን በስማቸው እንጥራለት። «ስትወለድ መሽኛህ ትንሽ መስተካከል ነበረበት፣ ሐኪም አስተካከለው» በቂ ነው።

*ከ6 እስከ 10 ዓመት።* ለምን ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ይወቅ። ካቴተር የሚጠቀም ከሆነ በራሱ እጅ መሥራትን የሚለማመድበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ለብቻው መጸዳጃ እንዲፈቀድለት ከነርሷ ጋር እንነጋገር።

*ከ11 እስከ 14 ዓመት።* የችግሩን ስም፣ የተደረጉለትን ቀዶ ህክምናዎችና የመድኃኒቶቹን ስም ይያዝ። ስለ ጉርምስና ከሚማርበት ጊዜ በፊት ስለ ራሱ ይስማ።

*ከ15 ዓመት በኋላ።* ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚነጋገርበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው። ስለ ወሲብና ስለ ልጅ መውለድ እናትና አባቱ ፊት አይጠይቅም።

አንድ ጊዜ ተቀምጦ ሁሉንም መናገር አያስፈልግም። በትንሽ በትንሹ የተነገረ እውነት ለልጁም ለተናጋሪውም አይከብድም።

ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው

የልጆች ሆስፒታል አንድ ቀን «አድገሃል» ይላል፤ ብዙ ቦታ 18 ዓመት ገደማ ነው። ብዙዎች ከክትትል የሚጠፉት በዚህ ድልድይ ላይ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ለዚህ ሽግግር ዝግጅቱ ቢዘገይ በ13 ወይም በ14 ዓመት እንዲጀመር ይመክራል። እርስዎም ልጅዎ 14 ዓመት ሲሞላው «ከዚህ በኋላ ማን ያየዋል?» ብለው ይጠይቁ። አሜሪካ ያሉ ወጣቶች በወላጆቻቸው የጤና መድን ውስጥ እስከ 26 ዓመት መቆየት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አዲስ ሐኪም ለማግኘት ይጠቀሙበት።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ሌላ ድልድይ አለ። ልጁ ጂዳ ወይም አዲስ አበባ ተሠርቶለት ሚኒሶታ ያድጋል። ፋይሉ ግን አብሮት አይሻገርም። አገር ከመልቀቅዎ በፊት የቀዶ ህክምናውን ማጠቃለያ ቅጂ ይጠይቁ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ወረቀቱንም ከልደት ካርዱ ጋር ያስቀምጡት።

ስለ አስተርጓሚም አንድ ቃል። በብዙ ቤት ልጁ ራሱ ለእናቱ ያስተረጉማል፣ ወይም የአክስት ልጅ ይጠራል። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይጠይቁ። ልጅ ስለ ገዛ ብልቱ ለእናቱ አስተርጓሚ መሆን የለበትም፤ ዘመድ ካስተረጎመ ደግሞ ምስጢሩ ከቤት ይወጣል።

አሁን ጎልማሳ ለሆናችሁ

ይህን እያነበባችሁ የሆድ ጠባሳችሁን የነካችሁ ካላችሁ፣ ጊዜው አላለፈም። እናታችሁን ጠይቁ። ለመውቀስ ሳይሆን ለማወቅ እንደሆነ ንገሯት፤ ምናልባት ለዓመታት የሚጠይቃት ስታጣ ኖራለች። ከዚያ የዩሮሎጂ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ከልጅነታችሁ ጀምራችሁ ንገሩት። የሽንት ቱቦ ማስገባት እንዳይበዛ ብላችሁ ውሃ አትቀንሱ። ኩላሊታችሁ ከተጎዳ ደግሞ ውሃ የማይጠጣበት ጾም ከመያዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ከእነዚህ ችግሮች ጋር ተወልደው የተማሩ፣ ያገቡ፣ የወለዱ ብዙ ሰዎች አሉ። የማታውቋቸው እነሱም ስለማያወሩ ነው።

ወደዚያች አራስ እንመለስ። አያት ነገም ትደውላለች። «እማዬ፣ የሽንት ቀዳዳው ቦታውን ስቷል፤ ሐኪሙ ግዝረቱ ይቆይ ብሏል፤ ይስተካከላል» ብትላት ምን ትሆናለች? መጀመሪያ ትደነግጥ ይሆናል። ከዚያ «ልጄ ደህና ነው?» ትላለች። ስለ ልጁ የመጀመሪያው እውነተኛ ንግግር ያኔ ይጀመራል፤ ልጁ ራሱ አድጎ ሲጠይቅም እናቱ ቃላቱን ለምዳቸዋለች።