ውሻና ድመት ይዞ በቤት መኪና መጓዝ

በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች በትምህርት ቤት ዕረፍት አልጋና ምድጃ ያለውን መኪና፣ እዚያ አርቪ የሚሉትን፣ ተከራይተው ሊወጡ ሲሉ «እንስሶቹንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል።

የድመቷ ነገር ቀላል ነው። በአቡ ቀታዳ ሐዲስ መሠረት ነጃሳ አይደለችም፤ ከጠጣችው የተረፈ ውሃ ውዱእ ያስደርጋል። መኪናው ሲሄድ ግን በሳጥኗ ትቀመጥ፤ ፍሬኑ ሥር ከገባች አደጋ ነው።

ውሻ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ለአደን፣ ለከብት ወይም ለአዝመራ ጥበቃ ካልሆነ እሱን መያዝ አጅርን እንደሚቀንስ በሐዲስ ተነግሯል። በሻፊዒዮች ዘንድ ምራቁም እርጥብ አካሉም የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል፤ ማሊኪዮች ውሻን ጧሂር ይላሉ። በጠባብ መኪና ውስጥ መስገጃን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የውሻውን ሳህን መለየት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሙቀቱ ነው። ውጭው 21 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40 ሊደርስ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አይረዳም። የአርቪው ማቀዝቀዣ ደግሞ በማረፊያው መብራት ወይም በጄነሬተር ነው የሚሠራው፤ ቤተሰቡ ጁሙዓ ላይ ሳለ መብራቱ ቢጠፋ ማን ያያል? ድመት ዘግታ በረሃብ በገደለችው ሰበብ የተቀጣችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም መድረሳ ሰምተናል። አንድ ሰው አብሯቸው ይቅር።

ወደ ካናዳ ተሻግረው የሚመለሱም ይወቁ፦ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የሲዲሲ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ቅጹ ክፍያ የለውም፤ ደረሰኙን በስልክ ማሳየት ይበቃል።