የአጎቴ ቬስፓና የመርሳ መንገድ

መቼም ዛሬ «ቬስፓ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በድሮ ፎቶግራፍ ላይ ያየነው ነው። እኔ ግን አብሬያት ነው ያደግሁት። ሐይቅ ከተማ የሚኖረው አጎቴ ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ አለችው፤ ከእናቴ ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም። ባለፈው የእረፍት ጊዜ አጎቴን ከኋላዬ አስቀምጬ እስከ መርሳ ነድቻታለሁ። ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ የአጎቴ አብሮ አደግ አርፎ ለቅሶ ለመድረስ ነው። የዚያን ቀን መኪና አጣን፤ አጎቴ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት ትቷል፤ እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለኝ። እናም በራሴ ጥፋት መንገድ ላይ ሞተሯ ተጣበቀ። ለምን እንደተጣበቀ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

ለመሆኑ ስኩተር ከሌላው ሞተር ሳይክል በምን ይለያል? ቬስፓን የነደፈው ጣሊያናዊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ሲያቀርባት እግር የሚያርፍበት ወለል፣ ከፊት ደግሞ ጭቃ የሚከላከል ጋሻ ነበራት። ቀሚስ የለበሰች ሴትም ሳትቸገር ትነዳታለች (ይህን በራሴ አረጋግጫለሁ)። ሰንሰለት የላትም፤ ሞተሩ ማርሹን ይዞ በቀጥታ ከኋላ ጎማ ጋር ተገናኝቷል። የፊት ጎማዋ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተያዘው፤ ስለዚህ ሲተነፍስ ጥቂት ብሎን ፈትቶ በስኮርታው መቀየር ነው። ጎሚስታ ፍለጋ የለም።

በነገራችን ላይ ሐይቅ ውስጥ ሲርመሰመስ የሚውለው ባጃጅ የዚችው የቬስፓ ዘመድ ነው። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ ተነስቶ «አፔ» የተባለ ባለ ሦስት እግር አወጣ፤ የህንዱ ባጃጅ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ስኩተርም ባለ ሦስት እግርም ይሠራ ነበር። አጎቴ የባጃጅ ሾፌሮች በቬስፓዋ ሲስቁባት «አያታችሁ ናት፣ ተነሱላት!» ይላቸዋል።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። የመኪና ሞተር ዘይቱ ከታች ተጠራቅሞ በፓምፕ እየተገፋ ብረቱን ያለሰልሳል። የድሮዋ ቬስፓ ሞተር ግን ባለ ሁለት ምት ነው፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። በእኛዋ ልኩ ለመቶ እጅ ቤንዚን ሁለት እጅ ዘይት፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። አጎቴ በስሪንጅ ነው የሚለካው፤ በግምት የሚያፈስ ሰው ሲያይ ይናደዳል። ዘይቱ ቢያንስ ፒስተኑ ይፋቃል፤ ቢበዛ ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል፣ ካንዴላውም ይቆሽሻል።

እስቲ አሁን ቁልቁለቱን አስቡት። ነጂው ቁልቁል ሲወርድ የቀኝ እጀታውን ይመልሳል፤ ነዳጅ ይዘጋል ማለት ነው። ማርሽ ውስጥ ስለሆነ ግን ጎማው ሞተሩን በኃይል ያሽከረክረዋል። ሞተሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር እየዞረ ቤንዚን የሚገባው ጠብታ ያህል ነው። ቤንዚን አልገባም ማለት ደግሞ ዘይት አልገባም ማለት ነው! ፒስተኑ በደረቁ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ አሉሚኒየም ስለሆነም ከሲሊንደሩ ብረት ይበልጥ ያብጣል። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ ቀጥ ሲል የኋላ ጎማም ቀጥ ይላል። ከኋላ ሰው ጭናችሁ ይህ ቢገጥማችሁ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

እኛ ውጫሌ ሻይ ጠጥተን ነበር የተነሳነው። (ይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ፣ ከዚያ ሩቅ አይደለም። በአንቀጽ 17 አማርኛና ጣሊያንኛ አልተስማሙም፤ በጋራዥ ግን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ስኮርታ እያልን በሰላም እንኖራለን።) ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ዘጋሁ። ቤንዚኑ በሃይላንድ በውድ የተገዛ ስለነበር መቆጠቤ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምጿ ቀጠነ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ወደ ኋላ የጎተተን መሰለኝ፣ የኋላ ጎማ ተንሸራተተ። አጎቴ ጆሮዬ ላይ «ፍሪሲዮን ያዢ!» ብሎ ጮኸ። ያዝኩት። ፍሪሲዮን ሲያዝ ሞተርና ጎማ ይለያያሉና ጎማው መዞር ጀመረ፤ ዳር ይዘን ቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከላስቲኬ ውኃ ላወጣ ስል «አብሽሪ፤ ውኃ እንዳታስነኪያት፣ ትሰነጠቃለች» አለኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ጥላ ስር ተቀመጥን። ስትቀዘቅዝ በአራተኛው ርግጫ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ እሱ እንዳሳየኝ ነው የወረድነው። በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ መስጠት፤ ያኔ ቤንዚኑ ዘይቱን ይዞ ይገባል። ፍሬኑም ቢሆን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ግሎ መያዝ ያቅተዋል፤ ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ይሻላል።

የዛሬዎቹ አውቶማቲክ ስኩተሮች በአብዛኛው ባለ አራት ምት ስለሆኑ ይህ የዘይት ጣጣ የለባቸውም። የራሳቸው ጣጣ ግን አላቸው። ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው የላስቲክ ቺንጊያ ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ ከተበጠሰ ገፍቶ ከመሄድ በቀር መላ የለውም፤ ስለዚህ በኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ፍሪሲዮኑም በራሱ የሚሠራ ነው፤ ፍጥነቱ በጣም ሲቀንስ ሞተሩን ከጎማው ይለያየዋል። በዝግታ የምትወርዱት ገደል ላይ ሞተሩ አይዛችሁም፣ ያለው ፍሬን ብቻ ነው።

የከፍታው ነገርም አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ካርቡራተር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ይለቃል። ቤንዚን ይበዛል፣ ጉልበት ያንሳል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን ጠበብ ባለች መቀየር ነው። ሆኖም ወደ መርሳ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የጠበበችው ልታንስ ትችላለች፤ ያነሰ ቤንዚን ሞተር ያግላል። አጎቴ ካንዴላ ፈትቶ ያያል፤ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ደህና ነው ይላል።

ቬስፓዋን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ጎማዋን ፈትቶ ድርቆሽ ውስጥ ቀብሯት ነበር። ከዘረፋ ተረፈች። ቤንዚኑን ሳይገለብጥ በመቅበሩ ግን ካርቡራተሯ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ተደፍኖ ተገኘ። ቤንዚኑ ሲተን የሚተወው ነው። ለማስነሳት ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ የደረቁት የሞተር ጎሚኒዎችም ተቀየሩ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሌሊት እንኳ ስትቆም የቤንዚን መዝጊያዋን ይዘጋል።

መርሳ ስንደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። አጎቴ ምንም አላለኝም፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። በማግስቱ ስንመለስ መንገዱ በአብዛኛው ዳገት ስለነበር ሞተሯ ቤንዚንም ዘይትም አልጎደለባትም። ሐይቅ ደርሰን ሲፈታ ፒስተኑ በአንድ ጎኑ ተፍቋል፣ ፋሻው ነክሷል። መካኒኩ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ አጎቴ እምቢ አለ። ፋሻ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ልኳል፤ የዋጋውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ።