አክሽን፦ የፎቶሾፕ የማይደክም እጅ

የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ሥራው ካሜራውን ሲያስቀምጥ አያልቅም። ከሙሽራዋ ቤት እስከ መልሱ የተነሱት ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከወረዱ በኋላ የእያንዳንዳቸው መጠን መቀነስ፣ ብርሃናቸው መስተካከል፣ የፎቶ ቤቱ አርማም ጥግ ላይ መግባት አለበት። ለአንዱ ፎቶ አንድ ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ለሺው ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል። የፎቶሾፕ አክሽን የተሠራው እንዲህ ላለው ድግግሞሽ ነው።

ፎቶሾፕን የጀመሩት ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል ሲሆኑ፣ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። አክሽን የመጣው በ1996 ከወጣው 4.0 እትም ጋር ነው። አሠራሩ ከድምፅ መቅጃ ብዙ አይለይም። ክቧን ምልክት ተጭነው ሲሠሩ ፕሮግራሙ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ አራት ማዕዘኗ ምዝገባውን ታቆማለች፤ ሦስት ማዕዘኗ ደግሞ ያንኑ ሥራ ሌላ ፎቶ ላይ ትደግማለች። ምልክቶቹ ያሉበት ሰሌዳ «ዊንዶው» በሚለው ዝርዝር ውስጥ «አክሽንስ» ተብሎ ይገኛል።

ጉርድ ፎቶን እንውሰድ። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ፣ በኢንች 300 ፒክስል ሲታተም 354 በ472 ፒክስል ነው። ባለሙያው ፊቱን መሀል አድርጎ በዚህ ልክ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለማንም ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው፦ ኮፒ ማድረግ፣ 15 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ገጽ መክፈት፣ ስምንት ጊዜ ፔስት አድርጎ አራት አራቱን በሁለት ረድፍ መደርደር፣ ሌየሮቹን አንድ ማድረግ። ይህ አንዴ ከተቀዳ ለቀጣዩ ደንበኛ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። አክሽኑ የሚያስታውሰው እያንዳንዱ ፎቶ ምን ያህል እንደተገፋ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተቆረጠው ፎቶ ልኩ ከተዛባ ረድፉም ይዛባል። ስለዚህ አቆራረጡ ለዓይን፣ ድርደራው ለአክሽን ይተዋል።

ሙሉ ፎልደር የሚሠራው ደግሞ ባች ነው። «ፋይል» ውስጥ «አውቶሜት» ከሚለው ስር ይገኛል። የትኛው አክሽን፣ ከየትኛው ፎልደር፣ ወደየትኛው ፎልደር እንደሆነ ከተነገረው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ይሠራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የተሠራው ፎቶ ሁልጊዜ ከኦሪጅናሉ ወደተለየ ፎልደር ይሂድ። ሁለተኛ፣ አንድ የተበላሸ ፋይል ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን እንዳያቆም፣ ስህተቶችን በፋይል እንዲመዘግብና እንዲቀጥል ይታዘዝ።

ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የቁምና የአግድም ፎቶ ልዩነት ነው። «ስፋቱን 2000 ፒክስል አድርግ» ተብሎ የተቀዳ አክሽን በአግድም ፎቶ ላይ በደንብ ይሠራል፤ የቁሙን ግን ከሚፈለገው በላይ ያስረዝመዋል። መፍትሔው «ፊት ኢሜጅ» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ስፋቱም ቁመቱም 2000 ተብሎ ሲሞላ ረጅሙ ጎን የትኛውም ቢሆን ከዚያ አያልፍም።

አክሽን የተቀዳለትን ይደግማል እንጂ የፋይሉን ስም አንብቦ ፎቶው ላይ አይጽፍም፤ የሠራተኞችን ስም ዝርዝር ተከትሎም መታወቂያ አያዘጋጅም። እንዲህ ያለውን የሚሠራው ስክሪፕት ነው፤ ፎቶሾፕ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ትእዛዝ ይቀበላል። ኮድ መጻፍ ለማይፈልግም «ኢሜጅ ፕሮሰሰር» የተባለ ዝግጁ ስክሪፕት አብሮ ይመጣል፤ አንድ ፎልደር ሙሉ ፎቶ በሚፈለገው መጠን ወደ ጄፔግ ይቀይራል። ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነጻ የሚገኘውን ጊምፕ ወይም ኢሜጅማጂክን መጠቀም ይችላል። ብቻ የኢሜጅማጂክ «ሞግሪፋይ» ትእዛዝ፣ ሌላ ማስቀመጫ ካልተነገረው ኦሪጅናሉን ራሱን ስለሚቀይር ቅጂ ሳይያዝ መሞከር የለበትም።

ለአክሽን ፈጽሞ መተው የሌለበት ነገር አለ፤ እሱም የሰው መልክ ነው። ቆዳ የሚያለሰልስና የሚያቀላ አንድ አክሽን በአልበሙ ሁሉ ላይ ሲለቀቅ ጠይሟም ቀይ ዳማዋም አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ የአያትየው የፊት መስመር ይጠፋል፤ የጥበቡ ቀሚስ ነጭ ፈትል ከልክ በላይ ፈክቶ ሽመናው አይለይም። አክሽኑ ፊትን ከልብስ፣ የጥላን ጥቁረት ከቆዳ ጥቁረት አይለይም። ልጆቹ ነገ አልበሙን ሲከፍቱ እናታቸውን በገዛ መልኳ የማየት መብት አላቸው። መጠን፣ አርማና ድርደራ በአክሽን ይሠሩ፤ የፊትን ብርሃንና ቀለም ግን ሰው እያየ ያስተካክል።

መጀመር ለሚፈልግ ከባዱ ነገር ፕሮግራሙ ሳይሆን የራስን ሥራ መመርመር ነው። ለአንድ ሳምንት እጅዎ ሳያስብ የሚደጋግመውን በወረቀት ይመዝግቡ። ከዝርዝሩ ቀላሉን መርጠው በፎቶ ቅጂ ላይ ይቅዱ፤ በቁምም በአግድምም፣ በትልቅም በትንሽም ፎቶ ይፈትሹት። ሲሳካ አክሽኑን በፋይል አስቀምጠው ለሥራ ባልደረባዎ ያካፍሉ። የተረፈውን ሰዓት ደግሞ ጥንቃቄ ለሚሹት ፎቶዎች ይስጡት፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለዚያ ዓይን ነውና።