የጥርስ ሐኪም መምህራን የሥራና የቤተሰብ ሚዛን

የሥራና የቤተሰብ ሚዛን አንድ ሠራተኛ ለሥራው፣ ለቤተሰቡና ለራሱ ዕረፍት የሚያስፈልገውን ጊዜና ጉልበት አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ ማዳረስ መቻሉን የሚገልጽ ሐሳብ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የጥርስ ሐኪሞች ሕክምናን፣ ማስተማርንና ምርምርን ደርበው ስለሚይዙ ጉዳዩ በእነርሱ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ የጥርስ ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑ ተቋማት መካከል የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል።

የሥራው ጠባይ

የጥርስ ሕክምና በክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ አይለመድም። ተማሪው በመምህሩ ክትትል በእውነተኛ ታካሚ ላይ ይሠራል። መምህሩ ማደንዘዣው ከመወጋቱ፣ ጥርሱ ከመቦርቦሩና ቀዳዳው ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱን ደረጃ ማየት አለበት። ተማሪ ደግሞ ከሠለጠነ ሐኪም ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ሥራው ካላለቀ መምህሩ ታካሚውን አፉን እንደከፈተ ትቶ መሄድ አይችልም። ፈተና ማረም፣ ትምህርት ማዘጋጀትና ለደረጃ ዕድገት የሚያስፈልገውን የምርምር ጽሑፍ መጻፍ የሚቀሩት ለምሽትና ለቅዳሜና እሑድ ነው።

ሥራው አካልንም ያደክማል። አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ መሥራት በጥርስ ሐኪሞች ላይ የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም በብዛት እንዲታይ ያደርጋል።

በቤተሰብ ላይ የሚያሳድረው ጫና

ጄፍሪ ግሪንሀውስና ኒኮላስ ቢዩቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ የሥራና የቤተሰብ ግጭትን በሦስት ከፍለውታል።

• የጊዜ ግጭት፦ በክሊኒክ የዋለ ሰዓት ለልጅ አይደርስም።
• የውጥረት ግጭት፦ ሐኪሙ ቤት ቢገባም ድካሙና ሐሳቡ አብረውት ይገባሉ።
• የጠባይ ግጭት፦ በሥራ ቦታ የሚያስፈልገው ቁጥጥርና እርማት በቤት ውስጥ ቅሬታ ይፈጥራል።

ጫናው ሲቆይ በርንአውት ወደሚባለው የሥራ መዛል ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን እንደ በሽታ ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት አድርጎ አስፍሮታል። ምልክቶቹ መዛል፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ውጤታማ አይደለሁም ማለት ናቸው።

በወረታና በፎገራ

ወረታ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር 55 ኪ.ሜ.፣ ከጎንደር ደግሞ 120 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች። ቤተሰቡ ወረታ ሆኖ በጎንደር የሚያስተምር ሰው ደርሶ መልሱ 240 ኪ.ሜ. ስለሚሆን በየቀኑ መመላለስ ይከብደዋል። ምርጫው ቤተሰቡን ይዞ መሄድ ወይም ተለያይቶ መኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገደኛነትን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል። ከተማ የገባ ቤተሰብም ልጅ የሚጠብቁለትን አያትና አክስት ትቶ ስለሚሄድ ሞግዚት መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራች ገበሬዎች በአረምና በአጨዳ ወቅት በወንፈል ይረዳዳሉ፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በተራ ይሠራሉ። የእርሻ ሥራ የሚበረታበትና ጋብ የሚልበት ወቅት አለው። የጥርስ ክሊኒክ ግን ዓመቱን ሙሉ ታካሚ አያጣም። ስለዚህ የመምህሩ ዕረፍት ተተኪ ባልደረባ መኖሩን ይጠይቃል፤ በአንድ ክፍል ያሉት መምህራን ጥቂት ከሆኑ የአንዱ ፈቃድ የሌላው ጫና ይሆናል።

የሕግ ሁኔታ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገሪቱ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የሚደነግገውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች።

የግል ክሊኒኮችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ይህ ልዩነት የሕፃን እንክብካቤው በአብዛኛው በእናቲቱ ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ግን በዋናነት የሚተዳደሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው።

ቀን በዩኒቨርሲቲ፣ ማታ በግል ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም ሁለት አሠሪዎች አሉት። እያንዳንዱ የሚቆጥረው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው፤ በቤት የሚታረመውን ፈተና ደግሞ ሁለቱም አይቆጥሩትም። ድምሩን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው።

የሚረዱ እርምጃዎች

በተቋም ደረጃ የክሊኒክ ክትትልን እንደ ሙሉ የማስተማር ሰዓት መቁጠር፣ ለምርምር የተለየ ቀን መመደብ፣ የተማሪዎችን የመጨረሻ ቀጠሮ ከመውጫ ሰዓት ቀደም ማድረግና በግቢው የሕፃናት ማቆያ መክፈት ይጠቅማል። በባልደረቦች መካከል ተራ መለዋወጥ እንደ ወንፈሉ የሚሠራው ሁሉም የተበደረውን ጊዜ ሲመልስ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ባልና ሚስት የሥራ ሰዓታቸውን አስቀድመው ተነጋግረው የልጅና የቤት ሥራን መከፋፈላቸው ጫናው በአንዱ ላይ እንዳይከመር ያደርጋል።