የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ

አዳማ ውስጥ፣ ብስክሌት ሠሪው ፍሬኑን እስኪያጠብቅልኝ ቆሜ ሳለ አንድ የሰፈሬ አዛውንት በዚያ ሲያልፉ አዩኝ። ቆም አሉና «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህ ሳይክል? ጉልበትህን እኮ ትጨርሰዋለህ» አሉኝ። «እሺ አባባ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ወጣቱ ሠሪ ግን ከሥራው ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ጉልበት የሚጨርሰው ሳይክሉ ሳይሆን ኮርቻው ነው» አለኝ። ብሎኑን በቁልፍ አላልቶ ኮርቻውን አራት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። «ይውጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ልክ ነው።»

ብስክሌት ከነካሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። የመለሰኝ ጤና ጣቢያ የተለካ የደም ግፊቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ብስክሌትና ዕድሜን በተመለከተ ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ብዙ ምክር ሰማሁ። ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚያስፈራራን በማይጎዳን ነገር ነው፤ እውነተኛው አደጋ ሳይነሳ ይቀራል።

ከጉልበት ልጀምር፤ ብዙ ሰው ወደኋላ የሚለው እሱን ፈርቶ ነውና። ስንሮጥ እግራችን መሬት በረገጠ ቁጥር የሰውነታችን ክብደት ጉልበት ላይ ያርፋል። ብስክሌት ላይ ግን አብዛኛውን ክብደት ኮርቻው ይሸከመዋል። የመገጣጠሚያ መበላት ላለባቸው ሰዎች ሐኪሞች ፔዳል መምታትን የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ መገጣጠሚያው ሳይደበደብ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይጠነክራሉ። ታዲያ አንዳንዱ ለምን ያመዋል? ልጅ ሳለን በሩብ ሰዓት ሒሳብ የምንከራያቸው ብስክሌቶች ለሁሉም ልጅ እንዲሆኑ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ ነበር። ሁለት እግራችን መሬት ካልነካ የምንወድቅ ይመስለን ስለነበር እኛም ወደድነው። ያንን ልማድ በሃምሳ ዓመት ጉልበት ላይ ስናመጣው ጉልበቱ ከልክ በላይ ይታጠፍና ሎሚው ከጭን አጥንቱ ጋር ይጫጫናል። ሕመሙ ከጉልበት ፊት ለፊት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ከፍ ብሏል። ማርሹን አክብዶ በዝግታ መግፋትም ያው ጉዳት አለው። ማርሹን አቅልሎ አንዱ እግር በደቂቃ ቢያንስ 60 ጊዜ እንዲዞር ማድረግ ይሻላል። እኔ የኮርቻውን ከፍታ በተረከዜ ካስለካሁ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰማኝ የጉልበት ሕመም ተመልሶ አልመጣም።

«ዕድሜው አንዴ ካለፈ ምን ዋጋ አለው?» የሚለውን በቁጥር መመለስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 65 የሆኑ ከ52 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። በዚያ ዕድሜ ብስክሌት መንዳት የጀመሩት ጭራሽ ካልነዱት ጋር ሲነጻጸሩ በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ልዩነቱን ሁሉ ብስክሌቱ አመጣው ማለት አይቻልም። እኔን የነካኝ ግን ሰዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲነዱ የኖሩ ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ዘግይተው የጀመሩም አሉባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መንዳት የመጀመሪያውን ቁጥር ይሞላል። መካከለኛ ማለት እየነዱ ከጎን ካለው ሰው ጋር ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው።

ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ። ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር የሄዱት ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ንፋሱ። አዳማ የንፋስ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ኮረብቶች ላይ የሚሽከረከሩት የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በሁለቱ ምዕራፎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በዚህች ከተማ «ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ከመታህ አለቀልህ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ፍርሃት የተነሳ በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ጃኬት እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚነዱ አይቻለሁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ሰው ለሰው ያስተላልፈዋል እንጂ ንፋስ አይፈጥረውም። ላብ በንፋስ ሲደርቅ ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ ላብ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ላይ ላቡን አፍኖ መያዝ ግን ሰውነትን አግሎ ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ለንፋሱ የሚበጀው ዘዴ ሌላ ነው፦ ሲወጡ ወደ ንፋሱ ፊት አዙሮ፣ ሲመለሱ ንፋሱን ከኋላ አድርጎ መንዳት። ጉልበት ሲደክም የሚገፋው ንፋስ ነው።

ስለ ምች ግን እናቶቻችን ግማሹን በትክክል አይተዋል። ፀሐይ ላይ ከዋሉ በኋላ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ አንዴ ከገባ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የፀሐይ ጨረር፣ ትኩሳትና ድካም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ዳማከሴ የምትቀጠቅጥ እናት «ፀሐይ ነው ያመጣብህ» ስትል ቀስቃሹን አግኝታዋለች፤ ምክንያቱ ነው የቀረው። ማለዳ 12 ሰዓት ወጥቶ ከ3 ሰዓት በፊት መመለስ፣ ፊትን የሚያጠላ ነገር ማድረግ ከዚህም ከሙቀቱም ያድናል።

ሙቀት ውሃ ያስጠጣል። ስለ ውሃ ከሁሉ ይበልጥ ልናገር የምፈልገው ይህንን ነው፤ በእኛ አካባቢ ከንፋሱና ከላቡ ይልቅ ሊነሳ የሚገባው ስጋት ይህ ነውና። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከዓለቱ እየሟሟ የሚገባ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ እጥፍ በላይ የሚይዙ ጉድጓዶች አሉ። የበለዘ ጥርስ ያየ ሰው የፍሎራይድን ሥራ አይቷል፤ በወንጂ ስኳር እርሻ ለረጅም ዓመት የኖሩ ሠራተኞች ላይ አከርካሪን እስከ ማድረቅ የደረሰ የአጥንት ጉዳት በሐኪሞች ተመዝግቧል። ብዙ ሰው «አፍልቼ እጠጣዋለሁ» ይላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። ውሃው ተንኖ ሲያንስ ጭራሽ መጠኑ ይጨምራል። በሳምንት አምስት ቀን እያላበው ተጨማሪ ሊትር የሚጠጣ ሰው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጣ ማወቅ አለበት። እኔ ወደ ወንጂና ወደ መቂ አቅጣጫ ስነዳ ውሃዬን ከቤት ይዤ ነው የምወጣው።

«የደም ግፊት ያለበት ሰው መልፋት የለበትም» የሚለው እምነት ሰዎችን ወንበር ላይ አስቀምጦ እየጎዳ ነው። በመንዳት ላይ ሳለን ግፊት ለጊዜው ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ዝቅ ይላል፣ ከሳምንታት በኋላም የዕረፍት ጊዜው ግፊት ራሱ ይቀንሳል። ሆኖም መጀመሪያ ይለካ። 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብስክሌቱ ይቆይና ሐኪም ጋ ይኬድ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት ቶሎ ሊያዞረው ይችላል። አቴኖሎልን የመሰለ መድኃኒት ደግሞ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ድካምን በምት መለካት አያስተማምንም፤ የንግግሩ መለኪያ ይሻላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ሳይዝ፣ በጾም ሰዓትም ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ፤ መንቀጥቀጥና ቀዝቃዛ ላብ ስኳር የመውረድ ምልክት ነው። ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማ ግን ወዲያው ወርዶ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቦርጭን በላብ ማቅለጥ አይቻልም። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ሆድን በላስቲክ ጠምጥሞ መንዳት የሚቀንሰው ክብደት ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመካከለኛ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ሲነዳ ወደ 250 ካሎሪ ያወጣል፤ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ያንን ሁሉ ይመልሰዋል። ብስክሌት ብቻውን ይበቃል የሚለውም ልክ አይደለም፤ ክብደት የማያርፍበት አጥንት አይጠነክርምና ደረጃ መውጣትና በእግር መሄድ አይቅር።

«አንዴ የተማረ አይረሳም» የሚለው እውነት ነው፤ ሚዛን መጠበቅ በአንጎል ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል። እንደነበረ የማይቆየው ግን ዞር ብሎ ኋላን የማየት ፍጥነትና ፍሬን የመያዝ ጉልበት ነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፤ በአሮጌው የሞጆ መንገድ የጭነት መኪናው ማለቂያ የለውም፣ ከተማው ውስጥ ባጃጁ ሳያሳይ ይታጠፋል። ወደ ፈጣን መንገዱ ብስክሌት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጸጥ ባለ የሰፈር መንገድ፣ ለጥ ባለ ሜዳ፣ በሄልሜት፣ ከኋላ ቀይ መብራት አብርቶ ነው መጀመር ያለበት።

እህቴ 46 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ «ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ አትወጣም» ተብላ የወንድሟን ብስክሌት ተደብቃ ነበር የተማረችው። ባለፈው እሑድ ማለዳ አብረን ወጣን። ቤት ደጃፍ ቆመን፣ ግድግዳውን ይዛ ኮርቻው ላይ ተቀመጠችና ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። እግሯ ቀጥ አለ። «ከፍ አልበዛም?» አለችኝ። «ልክ ነው» አልኳት፤ ግድግዳውን ለቀቀች።