ቋንቋና ትውስታ በአንጎል ምስል

ኤፍኤምአርአይ አንጎል ሥራ ላይ እያለ ደም በየትኛው ክፍሉ እንደሚበረክት የሚያሳይ ዘዴ ነው። መሣሪያው ሐኪሞች የአንጎል ዕጢ የሚመረምሩበት ኤምአርአይ ነው፤ የሚለየው የአነሳሱና የስሌቱ መንገድ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም በማግኔት ውስጥ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 በአይጦች አንጎል ላይ አሳዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰው አንጎል ምስሎች ታተሙ።

ከዚያ በፊት አብዛኛው እውቀት የተገኘው ከጉዳት ነበር። ፖል ብሮካ በ1861 «ታን» ከማለት በቀር መናገር ያልቻለ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ በግራ ግንባር በኩል ጉዳት አገኘ። ሄንሪ ሞሌሰን ደግሞ በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎሉ ክፍል ከሁለቱም ወገን አብዛኛው ወጣለት። ከዚያ ወዲህ እንደ ልቡ ይናገር ነበር፤ አዲስ ያገኘውን ሰው ግን ከደቂቃዎች በኋላ አያስታውስም። ምስሉ የመጣው ጤነኛውንም ሰው ለማጥናት ነው።

ተጠኚው ብረት ነክ ጌጡን ሁሉ አውልቆ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ጋደም ይላል። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ብዙ ጊዜ ያዳምጣል ወይም ቃሉን በሆዱ ይላል። የደሙ ለውጥ ጎልቶ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። አንድ ምስልም ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ተረት ሲሰማ የታየው ትርጉም የሌለው ድምፅ ሲሰማ ከታየው ጋር ይነጻጸራል። በ2022 የታተመ የ45 ቋንቋዎች ጥናት በሁሉም ተናጋሪዎች ዘንድ በዋናነት በግራው ንፍቀ ክበብ የሚሠራ ተመሳሳይ መረብ አግኝቷል።

ለእንዲህ ያለ ጥናት ሀዲያና ከምባታ የተለየ ጥያቄ ያቀርባሉ። በባህሉ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚነሱ ሌሎች ቃላትንም ትተዋለች። ልማዱ ባሊሻ ይባላል። በአማርኛ ቢታሰብ፣ አማቷ ወልዴ የሚባሉ ምራት ወተትን፣ ወጥንና ወንበርን በሌላ ስም መጥራት ይኖርባታል። ለአንዳንዱ ቃል ሴቶቹ ሁሉ የሚያውቁት ምትክ አለ፤ ለሌላው ተቀራራቢ ቃል ትፈልጋለች፣ ካልሆነም ዙሪያውን ትገልጸዋለች። የከምባታውን ልማድ የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ በ2005 በዝርዝር ጽፋለች።

ማይክል አንደርሰንና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት የምስል ጥናት ለዚህ ቅርብ ይመስላል። ተሳታፊዎች ያጠኑትን ቃል ወደ ሐሳባቸው እንዳይመጣ ሲገፉ የግንባር ክፍላቸው እንቅስቃሴ ጨመረ፣ የሂፖካምፐሳቸው ቀነሰ፤ ኋላም ቃሉን ማስታወስ አዳገታቸው። ምራቷ ግን ቃሉን አትረሳም፤ ብትረሳውማ መጠንቀቅ አትችልም። ቃሉን ይዛ አንደበቷን ብቻ መግታቷ ከመርሳት ይልቅ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንዱን ገትቶ በሌላው ከሚያወራበት ችሎታ ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ የግንባሩ ክፍልና በውስጥ ያለው ኮዴት ኒውክሊየስ እንደሚሳተፉ ምስሎች አሳይተዋል።

የሀዲያዋ ከተማ ሆሳዕና በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤትም ትታወቃለች። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲረዳ የሚበረቱት በአብዛኛው ንግግር የሚጠቀምባቸው የግራ ክፍሎች ናቸው። ቋንቋ የጆሮ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ በላይ አይገለጥም።

ምስሉ ግን አንድ ክፍል መሳተፉን እንጂ ያለ እሱ ሥራው እንደማይከናወን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ዛሬም የጉዳት ጥናት ያስፈልጋል። መሣሪያውም ከባድና ውድ ስለሆነ ተጠኚው ወደ እሱ ይሄዳል። ባሊሻ ደግሞ ከትምህርትና ከሃይማኖት ለውጥ ጋር እየሳሳ የሄደ ልማድ ነው፤ አጥርተው የሚያውቁት በዕድሜ የገፉት ናቸው። ወደ እነሱ ቤት ሊወሰድ የሚችለው ኢኢጂ የተባለው፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካ ቆብ ነው። ቃሉ የተገታበትን ቅጽበት በሺኛ ሰከንድ ይለያል፤ የተገታበትን ቦታ ግን እንደ ኤፍኤምአርአይ አጥርቶ አይለይም።